ዝቅ ብሎ የተሰማው ድምፅ

ባሏ ታሂር ከሞተ በኋላ ለመይሙና የቀረላት ድምፁ ነበር። ዋጃ ሰርግ ላይ መንዙማ ሲያወጣ በእሷው ስልክ የተቀረጸ ነው፤ እሷም ከተቀባዮቹ መሀል ትሰማለች። ቆቦ ገበያ ጨርቅ ስትሸጥ ውላ ትገባና፣ ዐስር ሰግዳ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርጋለች። ታሂር ቀጭን፣ ጥርት ያለ ድምፅ ነበረው፤ ከፍ ሲያደርገው አሁንስ ሊበጠስ ነው ስትል አይበጠስም።

አምና ጉንጯን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ያዛት። ማኘክ አቃታት። ሐኪሙ ጌታሁን "የፊት ነርቭ ነው" ብሎ እንክብል አዘዘላት፤ አልሐምዱሊላህ፣ ሕመሙ ብዙም ሳይቆይ ለቀቃት።

ያን ሰሞን አዛን ስትሰማ ግራ ገባት።

"ሙአዚኑ ተቀየረ እንዴ?" አለቻት ልጇን ኢቅራን።

"ኧረ ያው በድረዲን ነው፣ እማ።"

"ድምፁ ወፍሯልሳ! ጉንፋን ይዞት ይሆናል።"

ከዚያ ስልኩን ከፈተች። የታሂርም ድምፅ ወርዷል። ቃሉ ያው ነው፣ ዜማው ያው ነው፤ ግን ሌላ ድምፀ ወፍራም ሰው የባሏን መንዙማ የሚያወጣ መሰላት።

"ምን ነካክተሽ ነው ያበላሸሽብኝ?" ብላ ኢቅራ ላይ ጮኸችባት።

"ወላሂ አልነካሁትም! ለእኔ ምንም አልተለወጠም።"

አላመነቻትም። ስልክ ጠጋኙ መንሱር ፈትሾ "ደህና ነው" ሲላትም አላመነችውም።

ይባስ ብሎ፣ በሰማችው ቁጥር ወፍራሙ ድምፅ ልቧ ውስጥ ያለውን ቀጭኑን እየሸፈነባት ሄደ። ዓይኗን ጨፍና የዱሮውን ልታስታውስ ስትሞክር ይኼኛው ቀድሞ ይመጣል። ጨርሶ እንዳይወስድባት ፈራች። አንድ ቀን፣ ከፍርሃቱም ከንዴቱም፣ ቅጂውን ከስልኩ አጠፋችው።

ለክትትል ስትሄድ ነገሩን እንደዋዛ ለሐኪሙ አነሳችለት። ጌታሁን ቀና ብሎ አያት።

"እናቴ፣ ምነው ቶሎ ቢነግሩኝ! ይህ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ያደርጋል። ጆሮ የሚያቀብለውን ድምፅ ቀጭን ነው፣ ወፍራም ነው ብሎ የሚለየው አንጎል ነው። መድኃኒቱ ዝቅ አድርጎ አሰማዎት እንጂ ድምፁስ አልተለወጠም።"

"ይመለሳል?"

"መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እንቀይራለን። ይመለሳል።"

ተመለሰም። አንድ ቀን ዙህር ላይ የበድረዲን አዛን እንደ ዱሮው ቀጥኖ ሲወጣ ሰማች፤ ጨርቅ የምትለካላትን ደንበኛ ትታ ቁጭ አለች። ከዚያ ወደ መንሱር ሮጠች። ብዙ ሞከረ፤ የጠፋውን ግን ማውጣት አልቻለም። ዋጃ ድረስ ሄዳ የሰርጉን ቤት ሰዎች ጠየቀች። ሌላ የቀረጸ ሰው አልነበረም።

ስትመለስ ኢቅራ ደጃፉ ላይ ጠበቀቻት።

"ያኔ አበላሸሽብኝ ስልሽ፣" አለች መይሙና፣ "አንቺ ትሰሚው የነበረው እሱን ነው? የዱሮውን?"

"አዎ፣ እማ። አባቴን ነበር።"

"አውፍ በይኝ፣ ልጄ፤ ሳላምንሽ ቀረሁ።"

እንዴት እንደነበር ንገሪኝ ልትላት አሰበች። ግን ድምፅ በወሬ ምን ተብሎ ይነገራል? ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ኢቅራም ተከተለቻት።