ሁለተኛው ክር

«ኤ ማነው? ኤፍስ?»

የቀበሌው ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ተክለጊዮርጊስ ደብተሩን ገልጦ የለቅሶው ድንኳን መሀል ቆሟል። ቃሲም ከአግዳሚው ላይ ቀና አላለም። የጃጁራ መስመር መኪና ረዳት ነው። ለወዳጁ ለመምህር ወንዳፈረው ሠልስት ሆሳዕና ሲገባ ኬላው ላይ ሻንጣው ተፈተሸ፤ ይህ ደብተር ተገኘበት።

«ሰዎች አይደሉም፣ ጓድ። የጊታር ኮርዶች ናቸው፤ አብረው የሚመቱ ድምፆች።»

«ቁጥሮቹስ?»

«በየኮርዱ የማርፍበትን ድምፅ ነው የሚያሳዩት። የፊተኛው ክሩን፣ የኋለኛው ጣት የሚያርፍበትን ቦታ ያሳያል። ዜሮ ከሆነ ክሩ ሳይያዝ ይመታል። ወንዳፈረው ነው የጻፈልኝ።»

«የሞተ ሰው ምስክር አይሆንም።»

ንፍሮ የምታዞረው ልጅ ባለችበት ቀረች። ጊዜው ጥቅምት 1970 ነው፤ በዚያው ወር እንዲህ ያለ የምስጢር ጽሑፍ የሚመስል ወረቀት የተያዘባቸው ሁለት ልጆች ከተወሰዱ ወዲህ አልተመለሱም።

«የሟቹ ጊታር እዚህ ቤት አለ አይደል?» አለ ተክለጊዮርጊስ። «ገጽ ዘጠኝን ትጫወታለህ። ደብተሩን እኔ እይዘዋለሁ። ጣትህና ቁጥሩ ከተለያዩ ግን አብረን እንሄዳለን።»

ጎረቤታቸው እልፍነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «በለቅሶ ቤት ጊታር? አፈሩ እንኳን ሳይደርቅ!»

ሁሉም ወደ ሟች እናት ዞረ። ወለተ ማርያም ከቀብሩ ወዲህ የጎረቤት ሬዲዮ እንኳን አስዘግተዋል። ፍራሹ ላይ እንዳሉ ቃሲምን ረዘም አድርገው አዩት፤ አማተቡ።

«አውጡለት» አሉ።

ጊታሩ በወንዳፈረው ጋቢ እንደተጠቀለለ መጣ።

ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሁለቱ በረንዳው ላይ ይቀመጡ ነበር። ወንዳፈረው በትምህርት ቤቱ አኮርዲዮን ኮርዱን ይይዛል፤ ቃሲም በጊታሩ በላዩ ላይ ዜማ ይፈልጋል። ኮርዱ በተለወጠ ቁጥር ቃሲም ቅኝቱንም አብሮ ይለውጥ ነበር፤ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አንቺሆዬ።

«አንተ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤት ትለቃለህ እንዴ?» ይስቅበታል ወንዳፈረው። «ትዝታህ ላይ ቆይ። የምታርፍበትን ድምፅ ብቻ ምረጥ።»

«ያቺኑ እየደጋገማችሁ ጆሮዬን ጨረሳችሁት!» ይላሉ ወለተ ማርያም ከውስጥ። መስኮቱን ግን አንድም ቀን ዘግተውት አያውቁም።

አሁን ቃሲም ክሮቹን አስተካክሎ ጀመረ። ኤ ማይነር። ተክለጊዮርጊስ አንዴ ጣቱን፣ አንዴ ወረቀቱን ያያል። ኤፍ። እስካሁን ደህና ነው። ጂ ላይ ሲደርስ ግን እንደ ድሮው ደንግጦ ወደ ሌላ ቅኝት ሸሸ።

«አይደለም» አለ ተክለጊዮርጊስ። «ተነሣ።»

ቃሲም ጊታሩን ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ።

«ቆይ፣ ጓድ» አሉ ወለተ ማርያም። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ልጄ ግን እዚች ጋ ሲደርስ እንዲህ አይሸሽም ነበር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሦስት ቀን ባለቀሱበት ድምፅ፣ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ አንዲት ድምፅ ይዘው ቆዩ።

ቃሲም አዳመጠ። ከዚያ የግራ እጁን ጣቶች ከጊታሩ አንገት ላይ ሁሉንም አነሣና ሁለተኛውን ክር መታ። ከእናትየው ድምፅ ጋር ገጠመ።

ተክለጊዮርጊስ ምንም ያልያዙትን ጣቶች አየ። ወረቀቱን አየ። «ጂ...» አለ ለራሱ። «ሁለት፣ ዜሮ።»

ደብተሩን ዘግቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ሲገባ ያላለውን «ነፍስ ይማር» አሁን ብሎ ወጣ።

ክሩ ገና ይርገበገባል። ቃሲም ወደ ኤ ሊመለስ ጣቶቹን ወደ ጊታሩ አንገት ሲያስጠጋ ወለተ ማርያም እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ክሮቹ ላይ አሳረፉ።

«ይብቃ፣ ልጄ።»

ድምፁ ጠፋ። እጃቸውን ግን አላነሡም።