ቅርፊቱ ያልተላጠ ቤት

ነጭ ትል ከጣሪያው አግዳሚ ወርዶ በሟቹ አጎት የሻይ ብርጭቆ ውስጥ ጠብ አለ። አጎትየው በማንኪያ አወጣውና መሬት ላይ አራገፈው፤ ሻዩን ግን ጠጣው። የሟቹ እናት ከማዶ ተቀምጣ ይህን አየች።

"ቤት ማለት እንዲህ ነው እንጂ!" አለ አጎትየው አፉን በመዳፉ ጠርጎ። "ግንድ በግንድ ላይ! እጁ ወርቅ ነበር፣ የወንድሜ ልጅ።"

ለቀስተኞቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለቅሶው እዚህ፣ ሟቹ ጀምሮ ባልጨረሰው የግንድ ቤት ውስጥ እንዲሆን ያዘዘው እሱ ነው፤ "በገዛ እጁ በሠራው ቤት ይለቀስለት" ብሎ። እናትየው ያኔ የመናገር አቅም አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ የሻጋታው ሽታ ጥቁር ልብሷ ውስጥ ገብቶ፣ ጉሮሮዋ ላይ ተለጥፎ፣ እህል አላስቀምስ ብሏታል።

የፊት ለፊቱ በር አይከፈትም። ለቀስተኛ የሚገባው በጓሮ፣ ለጓዳ በር ተብሎ በተተወ ክፍተት ጎንበስ ብሎ ነው። ጎረቤቷ ልብስ ሰፊዋ ስትገባ ቀሚሷ ቢያዝባት፣ "እኔ ላጽናና መጥቼ፣ እስቲ መጀመሪያ እኔን አውጡኝ!" ብላ በሐዘን መሃል ሰው ሁሉ ሳቁን በመሐረብ አፍኗል።

ልጇ ቢኖር ከሁሉም አብልጦ ይስቅ ነበር። የአውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ጓደኞቹ ግን ሲያሾፉበት "መሐንዲሱ" ይሉታል። ግንዶቹን ያነባበራቸው በእረፍት ቀኖቹ ነው፤ እርጥብ እንደሆኑ፣ ከነቅርፊታቸው። ሲደርቁ ኮሰሱ፤ ግድግዳው ዝቅ ዝቅ አለና በሩን ከላይ ተጫነው። ግንድ ሲደርቅ እንደሚወርድ የነገረው አልነበረም፤ ከበሩ በላይ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እንኳ አልተወም። በሩን ላገው፤ ግድግዳው እንደገና ወረደ። እንደገና ላገው።

"ቤቱ እየተቀመጠ ነው እማ" ይላት ነበር፣ መላጊያውን እያራገፈ። "ሰውም ሲደክመው ይቀመጣል።"

"ተቀምጦ ተቀምጦ ተኝቶ እንዳታገኘው!" ትለዋለች እሷም።

ቅርፊቱን ልላጠው ሲል የከለከለው አጎቱ ነው። "ቅርፊት የግንድ ኮት ነው። ኮቱን አውልቆ ዝናብ ላይ የሚቆም ሞኝ አይተሃል?" አለው። ልጁ አባቱ ከሞተ ወዲህ ለአጎቱ እሺ እንጂ እምቢ ብሎ አያውቅም። መላጫውን አስቀመጠ። ከቅርፊቱ ሥር ውሃ ተኛ፤ ትልም ተፈለፈለ። ከዚያ ወዲያ የበሰበሰውን በቢላ እየፈለፈለ በጭቃ ይደፍን ጀመር። ለአጎቱ ግን ትንፍሽ አላለም።

"ይከፋዋል እማ። ወዶኝ ነው የመከረኝ።"

እንዲህ ነበር ልጇ። ሰው ከሚያሳፍር ቤቱ ቢበሰብስበት ይመርጣል።

"እግሩ ነው የከዳው" አለ አጎትየው አሁን። "ጣሪያው ርሶ ነበር። ስንቴ ተጠንቀቅ አልኩት! ወጣት መቼ ይሰማል?" ዳቦውን ሻይ ውስጥ ነክሮ ጎረሰ። ፍርፋሪው ጺሙ ላይ ቀረ።

እናትየው ዓይኗን ከፍርፋሪው መንቀል አቃታት። ልጇ ከጣሪያው የወደቀ ዕለት፣ የረገጠው ግንድ ተሰብሮ ከጎኑ ተጋድሞ አይታዋለች። መሃሉ እንደ ራሰ ዳቦ ፈርሶ ነበር። እግሩማ በቦታው ነበር፤ ግንዱ ነው ያልነበረው።

"ለማንኛውም" አጎትየው ድምፁን ከፍ አደረገ፤ "ሐዘኑ ይውጣ እንጂ፣ ውስጡን ጣውላ አለብሰዋለሁ፤ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ። ምራታችን ሕፃኑን ይዛ ትገባበታለች። የወንድሜ ልጅ ድካም መና አይቀርም!"

"አጎት ማለት እንዲህ ነው!" አለ አንድ ሰው ከጥግ።

ምራቷ ሕፃኑን አቅፋ አንገቷን እንደደፋች ነበር። "እርስዎ ካሉ እሺ፣ ጋሼ" አለች። ልክ እንደ ባሏ።

እናትየው ብድግ አለች።

"አትገባም።"

"ምን አልሽ?"

"አትገባም አልኩ፣ ጋሼ።"

"በለቅሶ መሃል? የሟች ልጅሽን ሥራ ሰው ፊት ልታዋርጂ ነው?"

ልብስ ሰፊዋ እጇን ያዘቻት። "ተይ እህቴ፣ ሐዘኑ ነው የሚያናግርሽ።"

እጇን አስለቀቀች። ግድግዳው ጋ ሄዳ ቅርፊቱን በጥፍሯ ቆንጥጣ ሳበችው። እንደ እርጥብ ቆዳ ተገሽልጦ መጣ። ሥሩ ጥቁር ነው፤ ያልበዋል። ትሎቹ ብርሃን ሲያገኛቸው ተጥመለመሉ። ሽታው ሲወጣ አጠገቧ የነበረች ሴት አፏን ይዛ ሮጠች። እናትየው ጣቷን ግንዱ ውስጥ ሰደደችው፤ እስከ ሥሩ ሰመጠ። አንዱ ትል ቆዳዋ ላይ ሲሄድ ተሰማት። አንገሸገሻት፤ ጣቷን ግን አላወጣችም።

"ና ንካው" አለችው። በዕድሜዋ ሙሉ አንቱ ያለችውን ሰው። "ና! ኮቱን አወለቅኩልህ። ልጄ የቆመው እንዲህ ያለው ላይ ነው። ይህን ነው በጣውላ የምትሸፍነው? በልጅ ልጄ ራስ ላይ?"

አጎትየው ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከመቀመጫው ግን አልተነሳም።

"እኔ… ለደግ ብዬ ነው" አለ።

"አውቃለሁ። እሱም ይህንኑ እያለ ነው የሞተው።"

መጀመሪያ የተነሳችው ምራቷ ናት። ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ በጓሮው ክፍተት ወጣች። ከዚያ ሰዉ ወንበሩን እየተሸከመ ተከተላት፤ ለቅሶው ሜዳ ላይ ወጣ። አጎትየው የመጨረሻው ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ሲወጣ ዞር አላለም።

እናትየው ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ሽታው አልለቅ አላት። ልጇ ለሕፃኑ መኝታ ብሎ ወደከለለው ጥግ ሄዳ፣ ተጣጥፎ የተቀመጠውን ብርድ ልብስ ስታነሳ በሁለት ግንዶች መሃል ሰማያዊ ነገር አየች። ሳበችው። የሾፌር ሸሚዙ እጅጌ ነው፤ ነፋስ ሕፃኑን እንዳይመታው ቀዶ፣ ጠቅልሎ፣ በክፍተቱ ወትፎታል። አፍንጫዋ ላይ አስጠግታ አሸተተችው። እሱን እሱን አልሸተታትም፤ ሻጋታ ብቻ።

በክፍተቱ የገባው ነፋስ ፊቷን መታት። እጅጌውን መልሳ ጠቀለለችውና፣ ነፋሱ እስኪቆም ድረስ በጣቷ ጠቀጠቀችው።