ከድልድዩ ማዶ የቀረው ፉርጎ

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በእኛ በኮርንዎል፣ የጸሎት ቤቱ የሻይ በዓል ሲደርስ፣ የመዳብ ማዕድን የሚያመላልሱት ፉርጎዎች ታጥበውና ኖራ ተቀብተው ሕፃናቱን ወደ ባሕሩ ዳር ያወርዱ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ የተሸከመ አንድ ቀን ዝማሬ ይሸከም ዘንድ አባቶቻችን ደነገጉ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተዘረጋው ያ የፉርጎዎቹ ሐዲድ መስመር ከተዘጋ በኋላ ግን ሐዲዱ ተነቅሎ ተሸጠ። የቀረው በሸለቆው ላይ የቆመው የድንጋይ ድልድይና ከማዶው ዋሻ ውስጥ የተረሳ አንድ ፉርጎ ብቻ ነበር።

ዲገሪ ናንካሮ ማኅበር አቋቁሞ ይህን ቅርስ ሊታደግ ተነሣ። ምክንያቱንም አልሸሸገም። በፉርጎው ከተሳፈሩት ሕፃናት መካከል በሕይወት ያለችው ታላቅ እኅቱ ላቭዴይ ብቻ ናት፤ እግሯም ከከዳት ቆይቷል። በመጪው በዓል በዚያው ፉርጎ አስቀምጦ ድልድዩን ሊያሻግራት ቃል ገባላት።

የማዕድን ጉድጓድ አለቃን ሁሉ ካፒቴን ማለት ልማዳችን ነውና፣ ላቭዴይ የማኅበራችንን አለቃ ዲገሪን ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና በዚሁ ስም ትነካካው ነበር።

"ካፒቴን ዲገሪ! ቶሎ በል እንጂ። መልአኩ ቀድሞህ ከወሰደኝ ባዶ ፉርጎ ልትገፋ ነው?"

"አንቺንማ መልአክም ደፍሮ አይወስድሽም። አርፈሽ ቁጭ በይ፣ እታለም።"

ዓመታት ፈጀብን እንጂ ፉርጎውን ከነመንኮራኩሩ አደስነው፤ አጭር ሐዲድም ከማዶው አንሥተን በድልድዩ ላይ ዘርግተን ፉርጎውን ከማዶ አቆምነው። ከዋሻው ወዲያ ያለው መንገድ አስቀድሞ ተደርምሶ ስለ ነበር፣ መግቢያውም መውጫውም ድልድዩ ብቻ ሆነ።

በዓሉ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ዲገሪ፣ "ድልድዩንም እንደ ጸሎት ቤታችን እናጽዳው" አለ። በጸሎት ቤታችን እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚቀመጥበትን አግዳሚ ራሱ ይወለውላል፤ አቧራውን ለሌላ መተው ነውር ነው። ድልድዩንም እንዲሁ ተከፋፈልነው። ዙሪያውን ሐረግ አልብሶት ነበርና ነቀልነው። በጎረቤቱ ፊት ሰነፍ መባልን የፈራ ሁሉ፣ በድንጋዮቹ መጋጠሚያ የገባውን ሥር እስከ መጨረሻው ቀጭን ክር ድረስ በቢላዋ ፈልቅቆ አወጣ። ድንጋዩ ጸዳ፤ እኛም ደስ አለን።

ከዚያ ከባሕሩ የተነሣ ዝናብ ሳያባራ ወረደ፤ ከድልድዩ ቅስትም አንድ ድንጋይ ወደ ሸለቆው ወደቀ።

ከከተማ የተጠራችው መሐንዲስ እጇን በመጋጠሚያው ውስጥ ሰደደች፤ እስከ አንጓዋ ገባላት።

"ድንጋዮቹን ያያያዘው ኖራ ካለቀ ዘመን ሆኖታል" አለች። "ይዞት የቆየው ሐረጉ ነው።"

"ታዲያ መልሰን ብንሞላውስ?" አለ ዲገሪ።

"ማን ይውጣበት፣ አባባ? እኔ ሰው አልልክበትም።"

"ፉርጎውን ብቻ ገፍቼ ላምጣው። ብቻዬን።"

"እርስዎንም አይሸከምም፤ እንኳን ፉርጎውን።"

እርሱም እጆቹን አገላብጦ አያቸው፤ በጥፍሮቹ ሥር የሐረጉ ቅርፊት ገና አልለቀቀም ነበር። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ድልድዩን ለመዝጋት ከታጠረው አጥር ወዲህ እንቆም ነበር። ድንጋይ ሲወድቅ እንሰማለን፤ ከመስማት በቀር የምናደርገው አልነበረንም። ጸሎት የምመራው እኔ ነኝ፤ ነገር ግን የምለምነውን አላወቅሁም። የቆመውን አቁምልን ልበል? የቆመ ምን ቀረና!

በበዓሉ ዋዜማ የጸሎት ቤታችን መለከተኞች መዝሙር ሲለማመዱ፣ ቅስቱ እንደ ደከመው ሽማግሌ ወደ ሸለቆው ቁጭ አለ። ድምፁ የመጣው ኋላ ነው።

በማግሥቱ ሕፃናቱ የበዓሉን ቢጫ ጣፋጭ ዳቦ ከወዲህኛው ዳር በሉ። ላቭዴይ ወንበሯን ወደ ማዶ እንድናዞርላት ጠየቀች። ፉርጎው ነጭ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ቆሟል። ዲገሪ የመንኮራኩሩን ዘይት እንደ ያዘ አጠገቧ ቆመ፤ ቀና ብሎ አላያትም።

"ያምራል" አለች። "ኖራውን ማነው የቀባው?"

"እኔ።"

"በግራ በኩል ጥግ ላይ ሳትቀባ የዘለልከው ቦታ አለ።"

ዲገሪ ወደ ማዶ ተመለከተ።

"ነገ እቀባዋለሁ" አላት።

"እሺ፣ ካፒቴን" አለችና እጇን ዘርግታ ዘይቱን ተቀበለችው።