የሪሻ ነጭ እግሮች

"ይህቺ ያቺ አይደለችም" አለ ጸሐፊው፣ የክትባት ደብተሩን በመስኮቱ ወደ ውጭ መልሶ እየገፋ።

አዛውንቱ ለዝሃር የሰማውን ማመን አቃተው። ለሪሻ የአንገት መለያ ለማውጣት ገና በማለዳ ነው የተሰለፈው። አሁን ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ዕለቱ ዓርብ ስለሆነ የማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ሰባት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከሰኞ ንጋት ጀምሮ ደግሞ ጠመንጃ የያዙ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በየሰፈሩ ይዞራሉ። አንገቱ ላይ ቀይ መለያ የሌለው ውሻ ካገኙ ባለቤቱ ማነው ብለው አይጠይቁም። በጎረቤት መንደር አንድ ሰው ያበደ ውሻ ነክሶት ከሞተ ወዲህ የሚለምናቸውም የለም።

"ሪሻ እኮ ናት ልጄ! በሚያዝያ ሐኪሙ ራሱ በእጁ ወግቷታል።"

"ደብተሩ 'አራቱም እግሮቿ ነጭ' ይላል። የዚህች እግር ምንድነው?"

ለዝሃር አጠገቡ ወደቆመችው ሪሻ ወደ ታች አየ። እግሮቿ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቀልተዋል።

"ሂና ነው።"

"ምን?"

"ሂና። አሸዋው መዳፏን እንዳይሰነጥቀው እንቀባታለን። ልጄን ስድር ደግሞ ባለቤቴ ከሙሽራዋ የተረፈውን ጨመረችላት። ሦስት ሳምንቱ ነው።"

ጸሐፊው ከቱኒስ ወደ ደቡብ ተዛውሮ ከመጣ ገና አራት ወሩ ነው። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው።

"ውሻ ድረው ነው የመጡት፣ አባባ?"

"ውሻ አይደለችም። ስሉጊ ናት!"

በለዝሃር አገር ቀጭኗን አዳኝ ስሉጊ ውሻ ብሎ የሚጠራት የለም። ውሻ ደጅ ያድራል። ስሉጊ ግን ድንኳን ውስጥ ከሰው ጋር ትተኛለች፤ ጥንቸል አባርራ ለቤቱ ሥጋ ታመጣለች። ይህን እንኳ የማያውቅ ልጅ እዚያ መስኮት ላይ መቀመጡ አንጀቱን አሳረረው።

"ሕጉ ስሉጊ የሚባል ነገር አያውቅም" አለ ጸሐፊው። "ወይ እንደ አዲስ ያስከትቧትና ሠላሳ ቀን ይጠብቁ፣ ወይ ነጭ እግር ያላትን ይዘው ይምጡ።"

"ሠላሳ ቀን! ሰኞ እኮ ነው የሚተኩሱት!"

"እኔ አይደለሁም የምተኩሰው።"

ከኋላው የተሰለፈች ሴት "ምናለ እግሯን በሳሙና ብታሻት!" ብላ አሽሟጠጠች። ሰልፉ ሳቀ። የሳቁት የአገሩ ሰዎች መሆናቸው ለዝሃርን የባሰ አናደደው። ሂና በሳሙና እንደማይለቅ ከእነሱ መካከል የማያውቅ የለም። ጸጉሩ አድጎ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው እንጂ ሌላ ዘዴ የለውም። ይህን ሲያስብ ቆም አለ። ሦስት ሳምንት ያህልማ አድጓል።

"መቀስ አለህ?"

"የወረቀት ነው።"

"ስጠኝ።"

ኮሪደሩ ላይ ተንበረከከና የሪሻን የፊት እግር ጭኑ ላይ አሳረፈ። አስጠግቶ ሲቆርጠው ቀዩ ረገፈ፤ ከሥሩ አዲስ የበቀለው ነጭ ታየ። ሪሻ ተንቀጠቀጠች እንጂ አልታገለችም። ለዝሃር አፈረላት። ቤቱ ሙሽራ በገባችበት ወር እሷን በሰው ፊት እንደ በግ ሸለታት።

"ይኸው ነጭ! አሁንስ?"

"አራት ነው የሚለው፣ አባባ።"

ቀዩ መለያ በመስኮቱ የወጣው ለሰባት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ጸሐፊው መቀሱን በወረቀት እየጠረገ "ተቆጣጣሪ መጥቶ ቀለሟ ከደብተሩ ጋር ካልገጠመ መለያው ይነጠቃል" አለው። "ሁለተኛ ሂና የሚባል ነገር እንዳላይ።"

ቤት ሲደርስ ባለቤቱ ዙህራ የሪሻን እግሮች አይታ ክው አለች።

"ምን አደረግሃት? በዚህ እግር ነው ያንን የሚፋጅ አሸዋ የምትረግጠው? አምጣት፣ ሂና ልበጥብጥላት።"

"አይሆንም።" መለያውን አሳያትና ጸሐፊው ያለውን ነገራት።

"ታዲያ መዳፏ ይሰንጠቅ? እሱ ጸሐፊ አብሯት ለአደን ይወጣል?"

ለዝሃር ደብተሩን ከኪሱ አወጣና እያንዳንዱን መስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ገልብጦ ጀርባውንም አየ። ከዚያ ሪሻን አቅፎ በጀርባዋ አጋደማት፤ አራቱን መዳፎቿን ወደ ዙህራ አዞረላት።

"ከሥር ብቻ ቀቢያት" አለ። "ስለ መዳፏ የጻፉት ነገር የለም።"