የማይነቃነቅ መንገድ

ካሜራዋ አሁንም ወደ ግራ ታጋድላለች፣ ለሚዛን አንድ ሮንዴላ ይጨምርባት ወይስ ይቀንስላት፣ ኢብራር ቡሎኑን ይፈታል፣ መልሶ ያጠብቃል፣ ሰው ከሱቅ ገዝቶ የሚይዘውን የካሜራ መያዣ እሱ ከተሰበረ የውሃ ቱቦና ከአጠና ተራ ከለቀመው አሮጌ ኩሽኔታ ሊፈጥር፣ ምን ይደረግ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ካሜራዋ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው፣ እሷን ቀጥ አድርጎ ለመያዝ ይሄ ሁሉ መከራ። የፊተኛው ቪዲዮ እየተንቀጠቀጠ አባቱን አጥወለወላቸው፣ አባ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም፣ አንድ ነገር ብቻ ለመኑት፣ መንገዴን አሳየኝ ልጄ፣ ከቤት እስከ መስጊድ፣ አሳያቸው፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በቃኝ፣ ምድር ዞረችብኝ አሉ። ለአንድ ሽማግሌ መንገዱን መመለስ ያቅተው፣ ያማል፣ በጣም ያማል።

ቆመች። ጸጥ ብላ ቆመች፣ ቢያዘነብላት ተመልሳ ቀጥ፣ ቢያወዛውዛት ቀጥ።

እየቀረጸ ከበር ይወጣል፣ ጉልበቱን ሰበር አድርጎ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው፣ ኮብልስቶኑ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ ገበያነሽ ከጉሊቷ ብድግ ትላለች፣ አባትህ ተሻላቸው ወይ፣ አፉን ቢከፍት ድምፁ ቪዲዮው ላይ ይገባል፣ ያልፋታል፣ ደግፌ ከሱቁ ወጥቶ ቀኝ እጁን ይዘረጋል፣ የኢብራር ቀኝ እጅ ቱቦው ላይ ነው፣ ቢለቀው ሚዛኑ ይበላሻል፣ ያልፈዋል፣ ተኮፈሰ ይሉት ይሆናል፣ ይበሉት፣ በኋላ ይቅርታ ይጠይቃል። እስከ መስጊዱ በር አንዴም አልተነቃነቀችም፣ አልሐምዱሊላህ።

አባ ትራሱን ተደግፈው ያያሉ። አላጥወለወላቸውም፣ ዓይናቸውን አልጨፈኑም፣ ስክሪኑ ላይ ደግፌ እጁን ሲዘረጋ የአባ ደህናዋ እጅ ከብርድ ልብሱ ስር ትወጣለች፣ ልትጨብጠው ነው፣ ደግፌ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል፣ እጃቸው አየር ላይ ትቀራለች።

ሰላም አላልካቸውም፣ ይላሉ አባ።

እንዳይነቃነቅብዎት ብዬ ነው አባ።

የመስጊዱ በር ይደርሳል፣ ቪዲዮው ያልቃል። በዚህ ሰፈር፣ ይላሉ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ እንዲህ ሳይነቃነቅ፣ ሰው ብድግ ሲልለት መልስ ሳይሰጥ ወደ መስጊድ የሚሄደው በቃሬዛ የተሸከሙት ጀናዛ ነው። ምን ነካኝ ይላል ኢብራር፣ አባቱን በቁማቸው ሸኛቸው፣ በገዛ እጁ፣ ቪዲዮውን ያጠፋዋል፣ እንደገና ይቀርጻል፣ ነገ፣ እየተጨባበጠ፣ ይንቀጥቀጥ እንደፈለገ፣ ጣቱ ማጥፊያው ላይ ነው፣ አባ እጁን ይይዙታል፣ ተው አታጥፋው፣ ከመጀመሪያው መልሰው፣ ስሸኝ እነማን ብድግ እንደሚሉልኝ ልይ።