የወይዘሮ ጸደንያ የዛገ ዱላ

ቅዳሜ ጠዋት ላቦራቶሪውን ገና ከፍቼ ጀሶ ስበጠብጥ፣ ጋሽ ነጋ የጎልፍ ቦርሳ ተሸክመው ገቡና በሩን እንድዘጋ በእጃቸው ምልክት ሰጡኝ።

"ዶክተር፣ ማንም እንዳያይ።"

ዶክተር አይደለሁም። ኮሌጅ የተማርኩት የጥርስ ቴክኖሎጂ ነው፤ መካኒሳ አቦ አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራለሁ። የፊት ጥርሳቸውን ከሠራሁላቸው ወዲህ ግን ጋሽ ነጋ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም። እሳቸው ሃያ ስድስት ዓመት በጎልፍ ሜዳ ሠርተዋል፤ የአባላቱን ቦርሳ ይጠብቃሉ፣ ይሸከማሉ።

ከቦርሳው አንድ ዱላ መዘው ሰጡኝ። የብረቱ ጭንቅላት ቡናማ ዝገት ለብሷል።

የሆነው እንዲህ ነው። የቦርሳ ማስቀመጫው ክፍል ቀለም ሲቀባ፣ ጋሽ ነጋ ከአባላቱ የአንዷ፣ የወይዘሮ ጸደንያ ቦርሳ እንዳይሰረቅ ብለው ማንንም ሳያስፈቅዱ ጀሞ ወዳለው ቤታቸው ወሰዱት። በረንዳ ላይ አስቀመጡት፤ የሰሞኑ ዝናብ አገኘው። ወይዘሮ ጸደንያ ነገ ከሐዋሳ ተመልሰው ሊጫወቱ ነው።

"ከተገዛ ገና ሁለት ወሩ። ይኼን ካዩ ከእንግዲህ ማን ቦርሳውን አምኖ ይሰጠኛል?" አሉ ጋሽ ነጋ። "በዚያች ጥርስ በምትሞርደው ማሽንህ ዝገቱን ጠርገህ አጽዳልኝ።"

ማይክሮሞተሩ እንደ ወፍራም እስክሪብቶ በእጅ ይያዛል፤ ጫፉ ላይ የሚገጠመው ጎማ ወይም ብሩሽ በፍጥነት ይሽከረከራል። ለብረትም ይሆናል። እኔ ግን ጥርስም ቢሆን መጀመሪያ የምሞክረው በማይታየው በኩል ነው። ከዱላው ጀርባ ጥግ ላይ የጥፍር ያህል ቦታ አሸሁ። ዝገቱ ወዲያው ለቀቀ፤ ሥሩ ግራጫ ብረት ነው። ከሌሎቹ ዱላዎች ጋር አስተያየሁት። እነሱንም ያው ዝናብ መቷቸዋል፤ ነገር ግን የሚያብለጨልጭ የክሮም ሽፋን ስላላቸው ከጭቃ በቀር ምንም አልነካቸውም። ይኼኛው የትም ቦታ የክሮም ምልክት የለውም።

ሞተሩን አጠፋሁ።

"ምነው?" አሉኝ።

"ጋሽ ነጋ፣ ይኼ ዱላ ሲሠራም ሽፋን አልነበረውም። ሆን ተብሎ ይመስለኛል። ይደውሉላቸውና ይጠይቋቸው።"

"አብደሃል? ራሴን በራሴ ላጋልጥ?"

"ዝገቱን አንዴ ካነሳሁት መመለስ አልችልም።"

ቦርሳውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ደወሉ፤ ስልኩን በጀሶ ጥርሶቹ መሃል አስቀምጠው ድምፁን ከፍ አደረጉት። አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ቤት መውሰዳቸውን፣ በረንዳውን፣ ዝናቡን።

"ዛገ?" አሉ ወይዘሮ ጸደንያ።

"ዛገ፣ እትዬ።"

"ጎሽ። እስኪዝግ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ያልተለበጠውን መርጬ የገዛሁት ፀሐይ እንዳያንጸባርቅብኝ ብዬ ነው። አልነካችሁትም አይደል?"

ጋሽ ነጋ ወደ እኔ ዞሩ።

"የጥፍር ያህል ነክቼዋለሁ፤ ከጀርባው" አልኩ። "ሚሳኤል እባላለሁ፣ የጥርስ ቴክኒሻን ነኝ።"

"የጥርስ?" ሳቃቸው ክፍሉን ሞላው። "ግዴለም፣ መልሶ ይዝጋል። ጋሽ ነጋ፣ ሌላ ጊዜ ቦርሳዬን ቤትዎ ሲወስዱ ግን ይንገሩኝ።"

"ሁለተኛ አይለምደኝም።"

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ነጋ የደንበኞች ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

"ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት እኮ" አሉ። "በል እንግዲህ ዶክተር፣ የሌሎቹን ዱላዎች ጥርስ ፋቅልኝ።"

ለስላሳውን የናይለን ብሩሽ ገጥሜ ፍጥነቱን ቀነስኩ። በየዱላው ፊት ላይ ካሉት ቀጫጭን መስመሮች የደረቀውን ጭቃ ሳወጣ ቆይቼ ቀና ስል፣ ጋሽ ነጋ ራሳቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው፣ የዛገውን ዱላ እንዳቀፉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። አልቀሰቀስኳቸውም፤ ገና ስምንት ዱላ ይቀረኝ ነበር።