ከሰው ፍላሽ የተቀዳ ሲቪ

በቡራዩ ሲቪ አይጻፍም፤ ይቀዳል። አንዱ የሠራውን ሌላው በፍላሽ ወስዶ ስሙን ይቀይርና «ጨረስኩ» ይላል። እናም ሁሉም «በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል፣ ለውጤት የሚተጋ» ይሆናል። ሁሉም ትርፍ ጊዜውን በንባብና በጉዞ ያሳልፋል። ማንን ነው የምታታልሉት? ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ይላል፤ ይቅርታም አልጠይቅም።

ጎረቤቴ ሕዝቅያስ ያሳየኝም እንደዚያው ነበር። ከወላይታ መጥቶ ሰበታ በአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ለዓመታት ሠርቷል፤ ፋብሪካው ሲዘጋ ከነሚስቱ ባዶ እጁን ቀረ። ገላን ያለ አዲስ ፋብሪካ ለማቅለሚያው የፈረቃ ኃላፊ ይፈልጋል፤ ማመልከቻ የሚቀበለው ሲቪውን ባሳየኝ ቀን እስከ ማታ ድረስ ብቻ ነው። ይህ ካመለጠው ወደ ሶዶ መመለሱ ነው።

አንብቤ ጮህኩበት፤ እጁን ይዤም መኪያ ጋ ወሰድኩት። መኪያ ከታክሲ ተራው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ኮምፒውተር ጽሕፈት ትሠራለች። ምላሷ ስለት ነው፤ ለዚህም አከብራታለሁ።

ወረቀቱን አየችና ሳቀች። «ኦቦ ሕዝቅያስ፣ ፒችትሪ ትችላለህ እንዴ?»

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሒሳብ ሠራተኞች ፕሮግራም። ‹በሚገባ እችላለሁ› ብለሃል።»

«ሲቪው የጓደኛዬ የያቤጽ ነው፤ እሱ አካውንታንት ነው። እኔ ስሙን ብቻ ነው የቀየርኩት።»

«ፎቶው ላይ ያለው ኮትስ?»

«የፎቶ ቤቱ። በኮምፒውተር አለበሱኝ።»

«ታዲያ ከዚህ ሁሉ ያንተ ጭንቅላትህ ብቻ ናት! እሺ፣ ማቅለሚያ ክፍል ምን ትሠራ ነበር?»

«ያው ከልጆቹ ጋር ሠራን። እግዚአብሔር ረዳን።»

«ቀለሙ ሲበላሽ ማሽኑን ያስቆምከው አንተ አይደለህም እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ጋሼ፣ ራስን ማወደስ እኮ ኃጢአት ነው።»

ደሜ ፈላ። የያቤጽን ውሸት በስሙ ሲያቀርብ ያላፈረ ሰው፣ የራሱን እውነት ለመናገር ያፍራል!

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አለችኝ መኪያ። ተቀመጥኩ። ወደ እሱ ዞረች። «ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ትሰጡ የለ? ተነስና መስክር።»

«እዚህ?»

«እዚህ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ለፓስተርህ አልናገርብህም።»

ተነሣ። መጀመሪያ መሬት መሬት እያየ ነበር። ቀለሙ እየተዥጎረጎረ መውጣቱን፣ አለቃው «ቀጥሉ» ማለቱን፣ እሱ ግን ማሽኑን ማጥፋቱን ተናገረ። የውሃ ማጣሪያው ተበላሽቶ እንዳገኘው፣ ወደ ውጭ የሚላከው ጨርቅ እንዴት እንደተረፈ፣ ከዚያ በኋላ አዲስ ገቢዎችን ሁሉ ማን እንዳሠለጠነ ሲያወራ ድምፁ እየጎላ ሄደ። ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ዞረው አዩት። የመኪያ ጣቶች ግን አልቆሙም።

«ይህን ያደረገው ግን እግዚአብሔር ነው» አለ ሲጨርስ።

«አሚን። ገላን ያሉት የሚቀጥሩት ግን አንተን ነው።»

ፒችትሪውን፣ ጉዞውን፣ «ለውጤት የሚተጋውን» ሁሉ አጠፋች። በገዛ ሸሚዙ ግድግዳው ጋ አቁማ በስልኳ ፎቶ አነሳችው። የወጣው አንድ ገጽ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሕዝቅያስ። በየአዳራሹ «ራስህን ሽጥ» እያሉ የሚያሠለጥኑትን ሰምቻለሁ። መኪያ ሽጥ አላለችውም፤ ሰውየውን ከተደበቀበት አወጣችው። ይህ ጥበብ ካልሆነ ጥበብ ምን እንደሆነ ንገሩኝ!

ማመልከቻውን በሰዓቱ አስገባ፤ ለቃለ መጠይቅም ተጠራ። አብሬው ሄጄ ከፋብሪካው በር ውጭ፣ በጭነት መኪኖች አቧራ ውስጥ ቆሜ ጠበቅኩት። ሲወጣ ፊቱን አልቦታል።

«ምን አሉህ?»

«‹ማሽኑን ማን አስቆመው?› አሉኝ።»

«አንተስ?»

«‹አስቆምን› ልል አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ‹እኔ ነኝ› አልኩ። ‹አለቃህ ቢቆጣስ?› ሲሉኝ ‹ተቆጥቶ ነበር› አልኳቸው። ሳቁ። ሰኞ ሥራ ጀምር ተባልኩ።»

መጀመሪያ የደወለው ለሚስቱ አልነበረም፤ ለመኪያ ነው። ደስታውን እየጮኸ ሲነግራት የእሷም ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

«እሰይ! ታዲያ ምን ጆሮዬን ታደነቁረኛለህ? ደንበኛ ይዣለሁ።»